በማሊንታ ዋሻ የተሰማው ድምፅ

አቶ ዘርእሰናይ ሞተው የተገኙት አሜሪካ፣ ፓርክ ሂል በተባለ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ቤዝመንቱ በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ ነው። ያገኘቻቸው የእህታቸው ልጅ ውዳሰ ናት። ሌሊቱን የጣለው በረዶ ጠዋት ካባራ በኋላ ከሥራዋ አስፈቅዳ ምሳ ልታደርስላቸው መጣች። ከመንገዱ እስከ በሩ ያለው መተላለፊያ በንጽሕና ተጠርጓል። በራሷ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ ሳሎኑ፣ ኩሽናው፣ ኮሪደሩ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር በቀን መብራታቸው በርቷል። የቤዝመንቱ በር ብቻ ወለል ብሎ ተከፍቶ ውስጡ ጨልሟል። ውዳሰ ማብሪያውን ተጫነች። አጎቷ ታች በጀርባቸው ተዘርግተው ዓይናቸው ወደ እሷ ፈጦ ነበር።

መጀመሪያ የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን ቀላል አድርገው አዩት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ በረዶ ጠርገው፣ አካፋውን ታች ሰቅለው ሲመለሱ አዳልጧቸው ወደቁ። በዚያ ክረምት እንዲህ ያለ አደጋ በየሰፈሩ ነበር። ይሁን እንጂ ቤቱ ውስጥ ብቻውን የሞተን ሰው ሁሉ ማየት የአስከሬን ምርመራ ቢሮው ሥራ ነውና፣ መርማሪዋ አልጣሽ ተጠራች።

አልጣሽ ጥቂት የምትናገር፣ ሰው ሲናገር ግን ከንፈሩን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። ወደ ቤዝመንቱ ከመውረዷ በፊት መግቢያው በር ዘንድ ጎንበስ ብላ የአቶ ዘርእሰናይን ቦት ጫማ ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ከዚያ ወረደች። ሽማግሌው በእግራቸው ያደረጉት የቤት ነጠላ ጫማ ሲሆን እሱም ደረቅ ነው። የተመቱት ከኋላ ጭንቅላታቸውን ነው። እግራቸው ወደ ደረጃው፣ ራሳቸው ወደ ግድግዳው ነው። የበረዶው አካፋ ከራሳቸው አንድ ክንድ ርቆ በተለመደው ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ከስሩ የቀለጠ በረዶ ውኃ አጠራቅሟል። አልጣሽ አካፋውን ለረጅም ጊዜ አየችው። አንድ ሰው ይህን አካፋ እዚህ ሲሰቅል፣ አስከሬኑን ተራምዶ መሆን አለበት ብላ አሰበች።

ውዳሰ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም። አልጣሽ መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ማሞቂያውን ከፈተችላትና፣ ስትገባ የቤዝመንቱ መብራት በርቶ እንደነበር ጠየቀቻት።

«ጠፍቶ ነበር። እኔ ነኝ ያበራሁት» አለች ውዳሰ። «እሳቸው ግን መብራት አያጠፉም። ከፊሊፒንስ ከተመለሱ ወዲህ ሲተኙም አያጠፉም። ሳያበሩ ቤዝመንት ሊወርዱ አይችሉም፤ በፍጹም።»

ከዚያ የጉዞውን ነገር ዘርዝራ ነገረቻት። አጎቷ ታክሲ ይነዱ በነበረበት ዘመን ለዓመታት ሐኪም ቤት ያመላልሷቸው የነበሩ አንድ አሜሪካዊ አረጋዊ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ባታን ላይ ተማርከው፣ ብዙዎች በመንገድ የቀሩበትን የሞት ጉዞ በእግራቸው የጨረሱ ወታደር ናቸው። ከመሞታቸው በፊት ለአቶ ዘርእሰናይ አደራ ሰጡ። ማኒላ ባለው የአሜሪካ ወታደሮች መካነ መቃብር፣ አስከሬናቸው ያልተገኘ ሰዎች ስም ከተቀረጸበት ግድግዳ ላይ የጓደኛቸውን ስም ፈልገው በእጃቸው እንዲዳስሱላቸው ነበር። በአጎራባቿ ከተማ በአውሮራ ያለችው የአቶ ዘርእሰናይ ቤተ ክርስቲያን ማኒላ ለሚደረግ ጉባኤ ሰዎች ስትልክ አጋጣሚውን ተጠቀሙበት።

አብረዋቸው የሄዱት ሦስት ናቸው። ደምሰው የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ነው፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳል፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጸሎቱ ረጅም ነው። ይመር የቀድሞ ጦር የመቶ አለቃ ነበር፤ አሁን በመሐል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ይቆጣጠራል። ጌጥነሽ ደግሞ እንግልውድ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት።

በማኒላ ስሙን አግኝተው ዳሰሱት። ካፓስ ሄደው በምርኮኞቹ መታሰቢያ ዘንድ ቆሙ። ከዚያ በጀልባ ወደ ኮሬጊዶር ደሴት ተሻግረው፣ የፈራረሱትን የጦር ሰፈሮችና ዝገት የበላቸውን ታላላቅ መድፎች አይተው፣ በመጨረሻ አሜሪካኖቹ ከቦምብ ተጠልለው ከነበሩበት ከማሊንታ ዋሻ ገቡ። እዚያ ውስጥ ምን እንደሆነ ውዳሰ አታውቅም።

«ከዚያ ዋሻ ሌላ ሰው ሆነው ነው የወጡት» አለች። «ይመር ቢመጣ በር እንዳትከፍቺ አሉኝ። ለምን ብላቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ለቅዳሜ ግን ሁሉንም ቤታቸው ጠርተው ነበር፣ የጉዞውን ፎቶ ለማየት ብለው። የድሮ ጓደኛቸውን አቶ ሳልሕንም ጠርተዋል።»

አልጣሽ አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፤ መተላለፊያውን ማን ይጠርግላቸው እንደነበር። ውዳሰ ደምሰው እንደሆነ ነገረቻት። አጎቷ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ክረምት በመጣ ቁጥር ደምሰው እየመጣ ይጠርግላቸዋል።

አቶ ሳልሕ አውሮራ ውስጥ የስልክ ካርድና ቅመማ ቅመም የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ አላቸው። አልጣሽ ስትደርስ ሱቁ በጠራራ ቀን ተዘግቶ ነበር። ከብዙ ማንኳኳት በኋላ መጋረጃው ተነቀነቀ፤ መታወቂያዋን በመስታወቱ ካሳየች በኋላ ነው የተከፈተላት። በሩን መልሰው ቆለፉና እንደገና መቆለፉን ፈተሹ።

በደርግ ዘመን እሳቸውና አቶ ዘርእሰናይ አስመራ ውስጥ አንድ ክፍል ታስረው ነበር። ለምርመራ ሲወሰዱ ዓይናቸው በጨርቅ ይታሰራል። የመርማሪያቸውን ፊት አንዳቸውም አላዩም። ድምፁን ግን ያውቁታል፤ ወጣት ነው፣ አይጮህም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ከገረፉን በኋላ ያነሣንና ግድግዳ ያስደግፈናል» አሉ አቶ ሳልሕ። «ከዚያ በጆሯችን ‹ግድግዳውን ያዝ፤ ግድግዳ አይከዳህም› ይላል። ጓደኞቻችሁ ሁሉ ከድተዋችኋል ለማለት ነው። በሕልሜ አሁንም እሰማዋለሁ። ዘርእሰናይ ከፊሊፒንስ እንደተመለሰ ደወለልኝና ‹ሳልሕ፣ በዋሻው ጨለማ ውስጥ ሰማሁት› አለኝ።»

«ማን ነው አሉ?»

«ይመር ይመስለኛል አለኝ። ከአጠገቤ፣ ከይመር በኩል ነው የመጣው አለ። ግን ጨለማ ነው፣ ዋሻው ያስተጋባል፤ ሰው በሐሰት እንዳልወነጅል ቅዳሜ መጥተህ ስማ አለኝ። እኔ አልመጣም አልኩት። ያንን ድምፅ ዳግመኛ ከምሰማ ሞቴን እመርጣለሁ አልኩት። እሱ ሞተ።»

የፖሊስ መርማሪው ይህን ሲሰማ ይመርን ለመያዝ ቸኮለ። ከሳምንት በፊት ይመር የአቶ ዘርእሰናይን በር እየደበደበ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቷል። አልጣሽ ግን እስከ ቅዳሜ እንዲታገሣት ለመነችው። ሰውየው የሞቱበት ሁኔታ ከፈሩት ሰው ጋር አልገጠመላትም።

ይመርን ያገኘችው ዳውንታውን፣ በመኪና ማቆሚያው መግቢያ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ትከሻው ቀጥ ያለ ሰው ነው። በሩን የደበደበው ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው አልካደም። አብሯቸው ባሕር ተሻግሮ፣ አብሮ ጸልዮ፣ ሲመለሱ እንደ ሌባ ሰላምታ ስለከለከሉት በደሉን እንዲነግሩት ሄዶ ነበር። አልከፈቱለትም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ከሳሎን አልፎ እንደማያውቅ ተናገረ። ስለ ዋሻው ስትጠይቀው ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ምንም አልሆነም። አስጎብኚው የጦርነቱን ጊዜ እንድናውቀው ብሎ መብራት አጠፋ፤ መልሶ አበራ። በቃ» አለ።

የክፍሏን በር በአንድ እጁ ከፍቶ ይዞ ነበር የሚናገረው። ብርድ ይገባል፤ እሱ ግን አይዘጋውም። አልጣሽ እጁን አየች፤ የበሩን ጠርዝ ከመጨበጡ ብዛት ጣቶቹ ነጥተዋል።

ደምሰው ቤቱ ተቀብሎ ሻይ አቀረበላት። በበረዶው ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አቶ ዘርእሰናይ በሞቱበት ጠዋት ከቤቱ እንዳልወጣ ነገራት። ስለ ሟቹ ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስለ ይመር ስትጠይቀው ለመናገር የተቸገረ መሰለ፤ በመጨረሻ ግን ጋሽ ዘርእሰናይ ምክር ፈልገው ወደ እሱ መምጣታቸውን፣ ይመርን የድሮ ገራፊያቸው አድርገው መጠርጠራቸውን፣ እሱም በፍቅር ይለፉት ብሎ መምከሩን ገለጠ።

«በረዶውን ዘንድሮም የሚጠርጉላቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ያን ዕለት ጠዋትም ልምጣ ብዬ ደወልኩላቸው። ‹ተወው፣ ራሴ ጠርጌ ጨረስኩ› አሉኝ። ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ባልወደቁ» አለና ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ።

አልጣሽ ሻዩን ሳትጨርስ ተነሣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ቆለፈችና መቆለፉን እንደገና ፈተሸች። ለምን እንደፈራች ታውቀዋለች፤ አንድ ማረጋገጫ ብቻ ይቀራታል።

ጌጥነሽን መጦሪያው የእረፍት ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ጌጥነሽ ወደ ሥራ ስትመጣም ስትመለስም ኋላዋን እያየች መሄድ ጀምራለች። ስለ ዋሻው መጀመሪያ ይመር ያለውን ደገመች፤ መብራት ጠፋ፣ በራ፣ በቃ። አልጣሽ ቀስ ብላ፣ ዝም ካለች ይመር በነፍስ ግድያ እንደሚታሰር ነገረቻት። ጌጥነሽ አለቀሰች።

«ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬለት ነበር» አለች። «ይመር ጨለማ አይችልም። በጦርነቱ ምሽግ ተንዶበት ከነጓደኞቹ ተቀብሮ በማግስቱ ነው ያወጡት። መብራቱ ሲጠፋና የቦምብ ድምፅ በማጉያ ሲለቁ እግሩ ከዳው። ኮፍያውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ነክሶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እጄን ሊሰብረው ምንም አልቀረው።»

«ታዲያ ማን ተናገረ?»

«ደምሰው ነዋ። በጨለማው መጥቶ ጎንበስ አለለትና ‹ግድግዳውን ያዝ፤ ግድግዳ አይከዳህም› አለው። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ብዬ ነበር።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ ዘርእሰናይ በጠሩበት ቀን የጠሯቸው ሁሉ ቤታቸው ተሰበሰቡ። ውዳሰ አንድም መብራት እንዳይጠፋ ለምናለች። ይመር ከመውጫው በር አጠገብ ቆመ። ጌጥነሽ ከውዳሰ ጎን ተቀምጣ እጇን ይዛለች። ደምሰው ለሐዘንተኛዋ አጭር ጸሎት አድርጎ ተቀመጠ። የፖሊስ መርማሪው ከኮሪደሩ ቆሟል። አቶ ሳልሕ ብዙ ተለምነው መጥተው ኩሽና ውስጥ፣ ለሳሎኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ደምሰው መኖራቸውን አያውቅም።

አልጣሽ ቆማ ተናገረች። መጀመሪያ ሞቱ አደጋ ያልሆነበትን ምክንያት አስረዳች። የቤዝመንቱ ማብሪያ ያለው ከላይ፣ ከበሩ አጠገብ ነው። ጨለማን እንደዚያ የሚፈሩ ሰው ሳያበሩ አይወርዱም፤ ወድቀው ከሞቱ በኋላ ደግሞ ሊያጠፉት አይችሉም። ስለዚህ ከሞታቸው በኋላ መብራት አጥፍቶ የወጣ ሰው ነበር። ያ ሰው በበረዶው ላይ የእግሩ ዱካ እንዳይታይ መተላለፊያውን ጠረገ። አካፋውን መልሶ ቦታው ሲሰቅል ደግሞ ሽማግሌው ራሳቸው ጠርገው፣ ሰቅለው ሲመለሱ እንደወደቁ ያስመስልለታል።

«ግን ቦት ጫማቸው ደረቅ ነበር» አለች። «በነጠላ ጫማ በረዶ የሚጠርግ ሰው የለም። ነጠላውም ቢሆን ደረቅ ነው። አቶ ዘርእሰናይ ያን ጠዋት ከቤት አልወጡም።»

ቀጥላ ወደ ይመር ዞረች። አቶ ዘርእሰናይ የፈሩት ይመርን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እሱን ነፃ የሚያደርገውም ይኸው ፍርሃት ነው። ሲለምናቸው በር ያልከፈቱለትን ሰው አስገብተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ጠባብ ደረጃ አይወርዱም። ገዳዩ ያልፈሩት ሰው ነው። አካፋው ቤዝመንት ውስጥ የትኛው ምስማር ላይ እንደሚሰቀል የሚያውቅም ነው።

ከዚያ የዋሻውን ነገር አነሣች። ይመርን በዓይኗ ይቅርታ ጠይቃ፣ ጌጥነሽ የነገረቻትን ተናገረች። ይመር አንገቱን ደፋ። ጨለማው ውስጥ የተሰማው ድምፅ ከይመር በኩል መምጣቱ እውነት ነው፤ ተናጋሪው ግን ይመር አልነበረም። ይመርን ሊያጽናና የጎነበሰ ሰው ነው።

«አቶ ዘርእሰናይ ድምፁን አልሳቱም፤ ሰውዬውን ሳቱ። በቤተ ክርስቲያን ፊቱን እያዩ ሲሰሙት ያላወቁትን ድምፅ፣ በጨለማ ከዚያ ቃል ጋር ሲመጣ አወቁት። ተሳስተውም ጭንቀታቸውን ሊያማክሩ የሄዱት ወደ ባለድምፁ ወደ ራሱ ነው» አለች አልጣሽ። «አቶ ደምሰው፣ ራሴ ጠረግሁ አሉኝ ብለውኛል። ያላደረጉትን አደረግሁ የሚሉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ጠርገዋል ተብሎ እንዲታመን የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

ደምሰው እጆቹን ጭኑ ላይ አጣመረ። ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «እህቴ፣ ፍርሃት ብዙ ነገር ያሳስባል። እኔ ለማንም ክፉ ተመኝቼ አላውቅም» አለ።

ኩሽና ውስጥ ወንበር ወደቀ። አቶ ሳልሕ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ እስከ ሳሎኑ በር መጡ። ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ነበር። «እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዩት። መነጽር ያደረገ፣ ጸጉሩ የሳሳ፣ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው።

ደምሰው አያቸው፤ ያን ጊዜ ነው ትከሻው የወደቀው።

«ልገድላቸው አልሄድኩም» አለ። «ቅዳሜ ድምፃችንን አብሯቸው ለታሰረ ጓደኛቸው ሊያሰሙ ማሰባቸውን ነግረውኝ ስለነበር፣ እንዲተዉት ልለምናቸው ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን ለፎቶው ፕሮጀክተሩን ከታች አውጣልኝ አሉኝ። መብራቱን አብርተው ቀድመውኝ መውረድ ጀመሩ። ደረጃው ገደል ነው፣ ጉልበታቸው ደካማ ነው፤ እንዳይወድቁ አዘንኩላቸው። ‹ግድግዳውን ይያዙ፣ ጋሼ፤ ግድግዳ አይከዳዎትም› አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ። ዋሻው ውስጥም እንዲሁ ነው ያመለጠኝ።»

ደምሰው መነጽሩን አወለቀ።

«ቆሙ። ዞረው አዩኝ። አልተናገሩም፤ ያዩኝ ብቻ ነው። ያንን ዓይን ማጥፋት ነበረብኝ።»

የፖሊስ መርማሪው እጁን አስሮ ሲወስደው ደምሰው አልተቃወመም። መኪናው ከሰፈሩ እስኪርቅ ሁሉም ባሉበት ቆዩ። ጌጥነሽ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ውዳሰ አቶ ሳልሕን ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

ይመር ወደ አልጣሽ ቀረበ። «እኔ መስያቸው ሞቱ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ያን ሁሉ ጊዜ ያስጨነቀው ይህ እንደነበር ፊቱ ይናገራል።

«አይደለም» አለችው። «የወደቁት ወደኋላቸው ነው፤ ወደ ላይ እያዩ። ዞረው ማን እንደሆነ ካወቁ በኋላ ነው የገፋቸው። እርስዎ እንዳልሆኑ አውቀዋል።»

ይመር ኮቱን ሊለብስ ሞከረ፤ እጅጌው አልገባ አለው፤ ውዳሰ ያዘችለት።

ውጭ መምሸት ጀምሯል። አቶ ሳልሕ ባርኔጣቸውን አድርገው እስከ በሩ ሄዱና ቆሙ። የመንገዱን ግራና ቀኝ አዩ፤ ወደ ውስጥ ተመለሱ፤ እንደገና ወጡ። በመጨረሻ ወደ ይመር ዞሩ። በወጣትነቱ ያሰራቸው የደርግ ጦር መኮንን የነበረን ሰው እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ ብሎ ማንም አይገምትም ነበር።

«ብቻዬን መሄድ እፈራለሁ» አሉ። «ታደርሰኛለህ?»

«እኔም ፈርቻለሁ» አላቸው ይመር፤ ክንዱንም ሰጣቸው። ሁለቱ ተያይዘው በረዶው ላይ ቀስ እያሉ ወደ መኪናው ሄዱ።